የተቆጣ ታካሚን ማብረድ፦ ነርሶችን እንዴት እናሰልጥን?

ስላይድ አታብዙ። የተቆጣ ሰውን ማረጋጋት በፓወርፖይንት አይለመድም። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ግፉና ክፍሉን ድንገተኛ ክፍል አስመስሉት፤ አንዷ ነርስ ታካሚ ትሁን፣ አንዷ ተረኛ፣ የቀሩት ዘመድ።

ባሕር ዳር ባሉት ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ከጣና ዳር ገጠር የሚመጣ ታካሚ አንዳንዴ ጠበል ከርሞ፣ እጁን በገመድ ታስሮ፣ በዘመድ ተከቦ ነው የሚደርሰው። ልምምዱም ከዚያው ይጀምር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጩህ። ተረኛዋ ታካሚው የሚያምነውን አንድ ዘመድ ታስቀርና ሌላውን በትሕትና ታስወጣ። ከዚያ በኋላ ታካሚውን የምታናግረው እሷ ብቻ ናት።

ስቴቶስኮፕ ከአንገት ይውረድ፣ መቀስም ከኪስ ይውጣ። ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁ ይታይ። በሩን አትዝጉበት፤ ለእናንተም መውጫ ይኑር።

አሁን ወሬው። ትልቅ ሰው ላይ «አንተ» ብሎ መጀመር እሳቱ ላይ ጋዝ መጨመር ነው። «ጋሼ፣ ነርስ ነኝ። ውኃ ላምጣልዎት?» በቂ ነው። «ተረጋጋ!» የሚል ጩኸትማ ማንንም አረጋግቶ አያውቅም። «ጎረቤቴ መርዝ አበላኝ» ካለ አትከራከሩት፣ አዎም አትበሉት። «በጣም ፈርተዋል፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ» በሉና ዝም በሉ። ሰልጣኞችን የሚከብዳቸው ይሄ ዝምታ ነው፤ ወዲያው ምክር ይጀምራሉ። አስቁሙና ድገሙት። ሲለዝብ ምርጫ ስጡት፦ መቀመጥ ወይስ መቆም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ወይስ መርፌ።

ደግሞ ሁሉም የአእምሮ ሕመም አይደለም። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ከተምታታበት ሙቀቱንና ስኳሩን ለኩ፣ ወባ መርምሩ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም አረቄ በድንገት አቁሞ እንደሆነ ጠይቁ። ስኳሩ የወረደበትን ሰው ስታባብሉት ብትውሉ ዋጋ የለውም።

ማሰር የመጨረሻው ነው፣ ያውም ሐኪም አዞ፣ በቂ ሰው ኖሮ። በሆዱ አታስተኙት፣ ደረቱን አትጫኑት፤ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹንና የእጁን ደም ዝውውር ቶሎ ቶሎ፣ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው ይይ። ፈቃደኛ ሰልጣኝ ካለ ለትንሽ ደቂቃ አልጋ ላይ ይታሰርና ምን እንደተሰማው ይንገራችሁ።

ልምምዱ ሲያልቅ መጀመሪያ «ታካሚዋን» ጠይቁ፦ የቱ ጋ ፈራሽ? የቱ ጋ ቀለለሽ? እና ጥበቃዎቹን ስልጠናው ላይ ጥሯቸው፤ ሌሊት በሩ ላይ ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው።