ቦዩ በሲሚንቶ ተለበጠ፤ ውሃውስ የት ሄደ?

ነባር መስኖ በመንግሥት በጀት ሲታደስ ወረዳው ይለያያል እንጂ ስህተቱ ያው ነው። ይህን የጻፍኩት ለአዲስ የመስኖ ባለሙያዎችና ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኮሚቴዎች ነው። የአሸዋና የሲሚንቶ ምጣኔውን ለተቋራጩ ትቼዋለሁ።

ያልሰረገውን ውሃ ሁሉ «ተቆጠበ» ብሎ ሪፖርት ማድረግ

ይሄ ሪፖርት በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም ያናድደኛል። የአፈር ቦይ ውሃ ያሰርጋል፤ ማንም አይክድም። የሰረገው ግን የት ገባ? ከፊሉ ተነነ፣ ሣር ጠጣው። ቀሪው ወደ ከርሰ ምድር ወርዶ ከታች ያለውን የእጅ ጉድጓድ ይሞላል፣ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፣ ወንዙን በበጋ ያቆየዋል።

አንድ ቀበሌ ላይ ቦዩ ከተለበጠ በኋላ የግርጌ ሰዎች «ጉድጓዳችን ደረቀ» ብለው መጡ። የተሰጣቸው መልስ «ዝናብ አጥሮ ነው» የሚል ነበር። የዚያ ክረምት ዝናብ ግን ደኅና ነበር! ወደ ራስጌ ወጥቶ ማየት ይበቃ ነበር፤ በቀሪ እርጥበት ሽምብራ ይዘራ የነበረው ሁሉ ሽንኩርት ተክሏል፣ ሽንኩርቱን አንስቶም በቆሎ ይደግማል። ማንም አልሰረቀም። ውሃ ደረሰው፣ አለማ፤ ለዚህም ነበር የታደሰው። ገበሬው ተጠቅሟል፣ ወንዙ ግን ከስቷል። ሁለቱንም ጻፉ።

ቁጠባ ማለት ከፈለጋችሁ ከወንዙ የተጠለፈውን፣ የለማውን መሬትና የሰብሉን ዓይነት፣ ወደ ወንዙ የሚመለሰውን ለኩ፤ ከእድሳቱ በፊትም በኋላም። ጠብታ መስኖ ቢገባም ከዚህ አያመልጥም። የሚጠለፈው ውሃ ገደብ ከሌለው ገበሬው በተረፈው ሌላ ጥማድ ያጠጣል።

ማስገቢያውን ሠርቶ ማፋሰሻውን መርሳት

በመካከለኛው አዋሽ የአሚባራን የመስኖ እርሻ ያየ አይረሳም። ማሳው ለዓመታት ያለ በቂ ማፋሰሻ፣ ማለትም ትርፉን ውሃ የሚያስወጣ ቦይ ሳይኖረው፣ ሲጠጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፣ ጨዉን ይዞ ወጣ፣ የጥጥ መሬት ነጭ ሆኖ ተጣለ። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ማፋሰሻው ነው።

የውሃ አባቱን ማለፍ

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይመረጣል። ጥሩ። ግን ውሃውን በተራ የሚያካፍሉትን፣ ፈረቃውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን የውሃ አባት ማን ጠየቀ? መሐንዲሱ በካርታው ላይ ማከፋፈያ ያላስቀመጠላቸው ማሳዎች አሉ፤ ባለቤቶቹ በዶማ ያስቀምጡታል። አዲሱን ልባስ ሰብረው ውሃ ሲያወጡ «ሕገ ወጥ» ከማለታችሁ በፊት ንድፉ ሳይጸድቅ ከሽማግሌው ጋር ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሂዱ።

ማታን መርሳት

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ለ7,000 ሄክታር ሲነደፍ ዋናው ቦይ ሌሊትም እንዲፈስ፣ የሌሊቱ ውሃ በማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተይዞ ቀን እንዲታደል ታስቦ ነው። ኩሬውን ደለልና ሣር ከዋጠው ግርጌ ያለው ገበሬ በሌሊት ባትሪ ይዞ ሊያጠጣ ይወጣል።

ውሃ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል ማለት

ጀማሪዎች፣ ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፦ በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሥሩ 50 ሚሊ ሜትር ፈልጎ 100 ከሰጣችሁት 500 ሜትር ኩብ ማዳበሪያውን ይዞ ወደ ታች ወረደ። በቆጋ የተሞከረው መሣሪያ፣ እርጥበቱ እተቀበረበት ጥልቀት ሲደርስ ምልክቱን ብቅ የሚያደርገው፣ ለገበሬው ከእኛ ስብሰባ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ፓምፕ አድሎ መሄድ

መለዋወጫው የት ይገኛል? ማን ይጠግናል? መልስ ከሌለ አታድሉ።

ርክክቡን በክረምት መፈረም

ነሐሴ ላይ የማይሞላ ቦይ የለም። የካቲት መጨረሻ ድረስ ጠብቁ፣ የመጨረሻው ማሳ ድረስ ሂዱ፤ ውሃው በተራው ቀን ካልደረሰ አትፈርሙ።