አልተገኘም! የጂኦካሽ ፈላጊና ደባቂ ችግሮች ከነመፍትሄዎቻቸው

ጂኦካሺንግ የተደበቀ ዕቃ በጂፒኤስ እየተመሩ የመፈለግ ጨዋታ ነው፤ ሕጉም ቀላል ነው። አንድ ሰው የፊርማ መዝገብ ያለበት መያዣ (ጂኦካሽ፣ ባጭሩ ካሽ) ከቤት ውጭ ይደብቅና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ በድረ ገጽ ያወጣል። ሌላው ስልኩን ወይም የጂፒኤስ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፣ ያገኘዋል፣ ይፈርማል፣ እንደነበረ መልሶ ይመለሳል። ጨዋታው የተወለደው የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያዛባው የነበረውን የጂፒኤስ ምልክት እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ማዛባቱን ባቆመ ሰሞን ነው። እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በአንድ ሌሊት ወደ 10 ሜትር ገደማ ወረደ። ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ ጥቁር ባልዲ አስቀምጦ ቁጥሩን በኢንተርኔት ለቀቀው። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻሉም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ዛሬም የሚሞላው ዓይንና አእምሮ ነው፤ ችግሮቹም በብዛት የሚፈሉት እዚያው ነው። ከፈላጊው እጀምራለሁ፤ የፈላጊው ራስ ምታት ግማሹ የደባቂው ሥራ መሆኑ እግረ መንገዱን ይታያል።

ምልክት፦ ቀስቱ ይዞራል፣ ርቀቱ ይዘላል

ስልኩ 12 ሜትር ይላል፤ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ 20 ሜትር ይላል፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ። ስልኩ አልተበላሸም። ገላጣ ሰማይ ሥር ያለ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሜትር ያህል ይሳሳታል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ገደል ወይም ረጅም ግንብ አጠገብ ግን የሳተላይቱ ምልክት ነጥሮ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይብሳል። ደባቂውም ቁጥሩን የወሰደው በተመሳሳይ መሣሪያ ስለሆነ የእሱ አምስት ሜትር ከእርስዎ አምስት ሜትር ጋር ሊደመር ይችላል። ስለዚህ ስልኩ «ዜሮ» ባለበት ድንጋይ ላይ ቆሞ ያንኑ ድንጋይ ደጋግሞ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው።

መፍትሄው መራቅ ነው። ከቦታው 30 ሜትር ያህል ይውጡ፣ ከዚያ ሳይቆሙ በእኩል እርምጃ ቀስቱን ተከትለው ይመለሱና መንገድዎ ወዴት እንዳመራ ልብ ይበሉ። ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ይድገሙ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አካባቢ ስልኩ ቆሞ ከሚነግርዎት ይልቅ ይታመናል። ቀስቱ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ተከትሎ የሚቅበዘበዝ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሳተላይት ሳይሆን የኮምፓስ ነው፤ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካለ ያውልቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ያስተካክሉት። አሥር ሜትር ሲቀር ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተት ጥሩ ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የስልክ ሥራ አይደለም።

ምልክት፦ የደረስኩበት ቦታ ከገለጻው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም

ገጹ ድልድይ ይላል፣ እርስዎ የቆሙት የሰው እርሻ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ያለበት የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ጂኦካሽ የሚጻፈው በዲግሪና በአስርዮሽ ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ ኬክሮሱ 45° 30.500′ ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለውን 50 ሴኮንድ ነው ብሎ 45° 30′ 50″ ያስገባ ሰው 617 ሜትር ያህል ይስታል፤ ትክክለኛው 30 ሴኮንድ ነበርና። የደቂቃ ምልክቱን ረስቶ 45.30500 ብሎ የጻፈ ደግሞ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ትክክለኛው በአስርዮሽ ዲግሪ 45.50833 ነው። እንግዲህ የስሕተቱ ርዝመት ራሱ ምርመራ ነው፦ መቶ ሜትሮች ከሆኑ ሴኮንድን፣ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ከሆኑ ዲግሪን ይጠርጥሩ። መሣሪያው ላይ የተመረጠው የካርታ መነሻም (ቁጥሮቹ የሚለኩበት ሥርዓት) ደብሊውጂኤስ 84 መሆኑን ይመልከቱ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቦታው ባዶ ከሆነ የካሹን ዓይነት ያንብቡ። በካርታው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ካሽ እንቆቅልሽ ነው፤ የወጣው ቁጥር ለይስሙላ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛው የሚገኘው እንቆቅልሹ ሲፈታ ነው። ባለብዙ ደረጃው ደግሞ የመጀመሪያውን ፌርማታ ብቻ ይሰጣል። ገለጻውን ሳያነቡ ወደ ጫካ የሮጡ ሰዎች በሐሰተኛ ቁጥር ላይ ቁጥቋጦ ሲያበጥሩ ይውላሉ፤ የሚያሳዝኑኝ ግን ሰዎቹ ሳይሆኑ ቁጥቋጦዎቹ ናቸው።

ምልክት፦ ቦታው ላይ ነኝ፣ ዕቃው ግን የለም

ዋናው ሕመም ይህ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለምና በቅደም ተከተል ማጣራት ይሻላል።

መጀመሪያ መጠኑ። ዓይንዎ ሣጥን እየፈለገ ገጹ «ማይክሮ» የሚል ከሆነ ፍለጋው ሳይጀመር ተበላሽቷል። ማይክሮ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ያህል፣ አንዳንዴም የጣት ጫፍ የምታህል ማግኔት ያላት ብልቃጥ ብረት ላይ ተለጥፋ። «ትንሽ» እስከ አንድ ሊትር፣ «መደበኛ» እስከ 20 ሊትር ይይዛል። መደበኛ ካሽ ፍለጋ የብሎን ጉድጓድ መመርመር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ሁለቱ ደረጃዎች። አስቸጋሪነትና መልክዓ ምድር እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 በግማሽ ነጥብ እያደጉ ይሰጣሉ። መልክዓ ምድሩ 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ዛፍ ላይ የወጣ ፈላጊ ካለ ይውረድ። አስቸጋሪነቱ 1.5 ሆኖ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ወይ ቦታው ተስቷል ወይ ዕቃው ጠፍቷል።

ከዚያ የቀደሙትን ፈላጊዎች ማስታወሻ ያንብቡ። ለወራት «አገኘሁት» ሲባል ቆይቶ በመጨረሻ በተከታታይ «አላገኘሁም» የሚል ከበዛ ዕቃው በቦታው ላይኖር ይችላል። ፍንጩ ደግሞ የላቲን ፊደላትን በ13 ቦታ በማሸጋገር ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ መተግበሪያው በአንድ ንክኪ ይፈታዋል። ፍንጭ ማየት ነውር የሚመስላቸው አሉ። ለማየት ካልሆነ ለምን ተጻፈ?

አሁን ዓይን። ተፈጥሮ ያላዘጋጀችውን ሥርዓት ይፈልጉ። ወድቀው የተበታተኑ እንጨቶች መካከል ጎን ለጎን የተኙ አራት ጭራሮዎች፣ ሽበቱ (ፀሐይ ባየው ፊቱ ላይ የሚበቅለው ቅርፊት መሰል ነገር) ወደ ታች የተገለበጠ ድንጋይ፣ ምንም ነገር ያልያዘ ብሎን፣ ከጎረቤቶቹ ይልቅ አዲስ የሆነ የግንብ ጡብ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ዛፍ ሥር የሚሞት ቀጭን የእግር ዱካ። የድንጋዩ ሽበት ብዙ ይናገራል፤ ፀሐይ የሚያየው ፊት ሻካራና ሽበት ያለበት ነው፣ አፈር ላይ የነበረው ፊት እርጥብና ጥቁር። እርጥቡ ፊት ወደ ላይ ከሆነ በቅርቡ የነካው አለ። ጉድጓድና ስንጥቅ ውስጥ ግን መጀመሪያ መብራትና ዱላ ይገባል እንጂ እጅ አይገባም፤ እባብና ጊንጥ ጨዋታውን አያውቁትም።

አንድ ጠቃሚ ማቆሚያም አለ። ሕጉ ያለ ባለ ይዞታው ግልጽ ፈቃድ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርን ይከለክላል። ስለዚህ ራስዎን ሲቆፍሩ፣ ግንብ ሲያፈርሱ ወይም ቅርፊት ሲልጡ ካገኙት ተሳስተዋል፤ ዕቃው እዚያ የለም። ካልተገኘ «አላገኘሁም» ብለው ይመዝግቡ። ያ መዝገብ ለደባቂው የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ሌላ የራስዎን ብልቃጥ ጥለው «ተክቼዋለሁ፣ አገኘሁት» ማለት ግን በዚህ ጨዋታ ከማልወዳቸው ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዋናው ዕቃ ሦስት ሜትር ርቆ በሰላም ተቀምጦ ከሆነ ቦታው ሁለት ካሽ ይኖረዋል፣ ቀጣዩ ፈላጊም የቱን እንዳገኘ አያውቅም።

ምልክት፦ አገኘሁት፣ መፈረም ግን አልቻልኩም

ወረቀቱ ከትንሿ ብልቃጥ አልወጣ ካለ ወረንጦ ይያዙ፤ ሲመልሱት አጥብቀው ይጠቅልሉት። እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም፣ እርሳስ ይጽፋል። መዝገቡ ከራሰ ጥገና እንደሚያስፈልገው ለደባቂው ያሳውቁ። ከውስጡ ዕቃ ከወሰዱ እኩል ወይም የተሻለ ይተኩ። ቁጥር የተቀረጸበት ተጓዥ ዕቃ ካገኙ ግን ለራስዎ አያስቀሩት፤ ወደ ሌላ ካሽ እየተላለፈ የሚሄድ ነው።

ምልክት፦ መንገደኛ ያየኛል

ይጠብቁ። ስልክ እንደሚያናግር ሰው መቀመጥ ጥርጣሬ አያስነሳም፤ ግራ ቀኝ እየተገላመጡ ማጎንበስ ግን ያስነሳል። ጥበቃ ወይም ፖሊስ ቢጠይቅዎት እውነቱን ይናገሩ፣ ገጹን ያሳዩ። የማይመስል ሰበብ ሲፈጥሩ ግን ነገር ይበላሻል።

አሁን ወደ ደባቂው።

ምልክት፦ ገምጋሚው ካሼን መለሰብኝ

አዲስ ካሽ በድረ ገጹ ከመውጣቱ በፊት የሚያጣራው ገምጋሚ ሲመልሰው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ርቀት ነው። ካሾች በሚመዘገቡበት በጂኦካሺንግ ዶት ኮም ድረ ገጽ ሕግ በሁለት ዕቃዎች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት፤ ይህም የአንድ ማይል አንድ አሥረኛ ነው። ሰው የሚስተው በካርታው ላይ የማይታዩትን ነው። የእንቆቅልሽ ካሽ ትክክለኛ ቦታና የባለብዙ ደረጃው መካከለኛ መያዣዎችም ይቆጠራሉ፣ በካርታው ላይ ግን አይታዩም። መፍትሄው መያዣውን ከመግዛት በፊት ቁጥሩን ለገምጋሚው ልኮ ቦታው ነጻ መሆኑን መጠየቅ ነው። ከርቀት ቀጥሎ የሚያስመልሰው የባለ ይዞታው ፈቃድ አለመኖር፣ ዛፍ ላይ ምስማር መምታትና ተመላልሰው ሊጠግኑት በማይችሉት ሩቅ የእረፍት አገር መደበቅ ነው።

ምልክት፦ «ቁጥሩ ተሳስቷል» የሚል ማስታወሻ ይደጋገማል

አንድ ሰው ቢል ይተውት፤ ሦስት ሰው በአንድ አቅጣጫ «ዕቃው እስከ 15 ሜትር ወደ ሰሜን ነው» ካለ ግን ትክክል ናቸው። ቁጥሩ የተወሰደው ስልኩ ገና ሳተላይቶቹን አጥርቶ ሳይዝ ነው፣ ወይም ከካርታ ምስል ላይ በዓይን ተገምቷል። መሣሪያውን ዕቃው ላይ አስቀምጠው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፣ በሌላ ቀን ሳተላይቶቹ ቦታ ቀይረው ሳለ ይድገሙ፣ ንባቦቹን ያማክሉ። ከዚያ 100 ሜትር ርቀው በራስዎ ቁጥር ራስዎን ይምሩ። ሦስተኛውን የአስርዮሽ ቤት አይናቁት፤ የደቂቃ አንድ ሺህኛ በኬክሮስ 1.85 ሜትር ነው፣ ሁለት ቤት ላይ ቢያቆሙ አንዷ አሃዝ 18 ሜትር ትሆናለች። በተጣመመ ቁጥር የመጣ አስቸጋሪነት ብልኃት አይደለም፤ አስቸጋሪነት ሆን ተብሎ መሠራት አለበት።

ምልክት፦ ውስጡ ሁልጊዜ እርጥብ ነው

የፊልም ማስቀመጫ ክዳኑ ውኃ አይከለክልም፤ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ሊያገለግል ይችላል እንጂ ለሜዳ አይሆንም። አራት ጎን የሚቆለፍ፣ ክዳኑ ላይ ጎማ ያለበት የምግብ መያዣ ወይም ጎማው ያልደረቀ የጥይት ሣጥን ይሻላል። ግን ጥሩ መያዣም ሲረጥብ አያለሁ፣ ሲከፈትም ምክንያቱ ዓይን ላይ ነው፦ መዝገቡን የያዘው የፕላስቲክ ከረጢት ጫፉ በክዳኑና በጎማው መካከል ተቆንጥጦ ወጥቷል። ያቺ እጥፋት ዝናብ ሁሉ የሚገባባት በር ናት። ከረጢቱን ከመያዣው በጣም ያነሰ ያድርጉት፣ ክዳኑ ላይ በጉልህ «ከረጢቱ አይቆንጠጥ» ብለው ይጻፉ፣ ውኃ የማይጎዳው ወረቀትና እርሳስ ያስቀምጡ። ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ ይሰባበራልና ጥላ ይምረጡለት። ምግብና ሽታ ያለው ነገር አያስገቡ፤ እንስሳ ጎማውን ጨምሮ ይበላዋል። የጥይት ሣጥን ከሆነ የወታደር ጽሑፉን አጥፍተው የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ከላይ ይጻፉበት፤ ያልታወቀ ሣጥን የፈንጂ አምካኝ ቡድን ያስጠራበት ጊዜ አለ።

ምልክት፦ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል

ሌባ ብለው አይደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ ፈላጊዎች በየተራ በመጠኑ እያጋለጡ ይመልሱታል፣ በመጨረሻ ከመንገድ ይታያል። መልሶ ለማስቀመጥ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቦታ ይምረጡ፤ መያዣውን ልክ የምትቀበል የግንድ ቀዳዳ ከቅጠል ክምር ትሻላለች። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያርፍበት ወንበር ሥር ከሆነ ግን ምንም አያድነውም፣ ያዛውሩት።

ምልክት፦ ይገኛል፣ ግን ማንም ከ«አመሰግናለሁ» በላይ አይጽፍም

መያዣው ደህና ነው፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ሰውን ለምን እዚያ እንዳመጡት አይታወቅም። ይህ ጥገና አይደለም፣ እንደገና መጀመር ነው። ቦታውን አስቀድመው ይምረጡ፦ እይታ ያለው ኮረብታ፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ፣ ከዋናው መንገድ የተሸሸገ ፏፏቴ። ከዚያ ለቦታው የሚሆን መያዣ ይፈልጉለት። ብዙ ደባቂ ግን ብልቃጡን ገዝቶ የሚጥልበትን ይፈልጋል። ሰፊ ጫካ ውስጥ ሺህ ተመሳሳይ ዛፍ መካከል የጣት ጫፍ የምታህል ብልቃጥ መስቀል ለደባቂው አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ለፈላጊው ግማሽ ቀን፤ ያም ሆኖ የተገኘው ደስታ ሳይሆን እፎይታ ነው። በተቃራኒው ሁሉም ሰው እያየው የሚያልፈው፣ ግን የማያስተውለው መያዣ ፈላጊውን በራሱ ላይ ያስቀዋል፤ ማስታወሻውም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ቦታው ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ድልድዩ ከፈረሰ ወይም ጫካው ከታጠረ፣ ገጹን ብቻ መዝጋት አይበቃም። መያዣውን ሄደው ያንሡ፣ ከዚያ ካሹን ከመዝገብ ያስወጡት፤ ያን ጊዜ በ161 ሜትሩ ክብ ውስጥ ሌላ ሰው መደበቅ ይችላል።