የመርከብ ሻንጣ ታግ ለምን ይወድቃል? ችግሩና መፍትሄው

አሜሪካ ያለ ልጅ እናትና አባቱን ከደብረ ብርሃን አስመጥቶ በትልቅ መርከብ ባሕር ላይ ሊያንሸራሽር ያስባል። ትኬቱን ይቆርጥና በቴሌግራም አንድ ፒዲኤፍ ይልካል። «ይቺን ፕሪንት አስደርጋችሁ ሻንጣው ላይ እሰሯት» ይላል። እንዴት እንደምትታሰር ግን አይናገርም።

ይቺ ሻንጣ ላይ የምትታሰረው የወረቀት መለያ ታግ ትባላለች። ታጉ የሚያገለግለው እንዲህ ነው። ወደቡ ላይ፣ ማያሚ ይሁን ባርሴሎና፣ ትልልቁን ሻንጣ ገና በር ላይ ሠራተኞች ይቀበሏችኋል። ከዚያ በኋላ አታዩትም። በጋሪ ይጫናል፣ በኤክስሬይ ያልፋል፣ በብረት ሳጥን ከሌላው ሻንጣ ጋር ተደራርቦ መርከቡ ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የክፍላችሁ በር ላይ ታገኙታላችሁ። ወረቀቷ ላይ ስም፣ የመርከቡ ስም፣ የጉዞው ቀንና የክፍል ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ ባርኮድም አለ። እሷ ከወደቀች ሻንጣው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫልና ኖርዌጂያን የሚባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ተሳፋሪው ራሱ የሚያትመውን ታግ ስለሚጠቀሙ ጉዳዩ ብዙ ሰው ይነካል።

ፕሪንት ሲደረግ ዳሩ ተቆርጦ ወጣ

ፋይሉ የተሠራው ለአሜሪካ ወረቀት ነው። የእነሱ ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የኛ ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። በወርድ 6 ሚሊሜትር ይጎድላል። ፕሪንት ቤቱ ልጅ «አክቹዋል ሳይዝ» (Actual size) ላይ ከተወው ዳር ያለው ጽሑፍ ወይም ባርኮዱ ይቆረጣል። «ፊት» (Fit) የሚለውን እንዲመርጥ ንገሩት። ጽሑፉ በጣም ትንሽ ያንሳል እንጂ ባርኮዱ አይበላሽም። ከስልክ ስክሪን ሾት አንስቶ ማተም ግን አይሆንም፣ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ። ፒዲኤፉን ራሱን ላኩለት።

ቀለሙ ፈሰሰ

ይህ የፕሪንተሩ ነገር ነው። በፈሳሽ ቀለም የሚሠሩት ፕሪንተሮች የሚያወጡት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ሌዘር ፕሪንተር ግን የዱቄት ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚያቀልጠው ውሃ አይፈታውም። ማወቅ ቀላል ነው። ጣታችሁን አርጥባችሁ የወረቀቱን ጥግ እሹት። ጣታችሁ ከጠቆረ ሌዘር ያለው ቤት ፈልጉ። ጥቁርና ነጭ ይሆናል ብላችሁ አትጨነቁ። አንዳንድ ኩባንያ ፎቁን በቀለም ይለያል፣ ግን የክፍል ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ ሻንጣው ይደርሳል።

ወረቀቱ ስቴፕለሩ ሥር ተቀደደ

ዋናው ችግር ይሄ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ታጉ ሲወድቅ «ስቴፕለሩ ደካማ ነው» ይባላል። ሽቦው ግን አልተፈታም። ሄዳችሁ ብታዩት እጀታው ላይ ሽቦዋ ከትንሽ የወረቀት ቁራጭ ጋር ተንጠልጥላ ትገኛለች። የተቀደደው ወረቀቱ ነው። ሽቦ ቀጭን ነው፣ ወረቀት ደግሞ ሲጎተት ከቀዳዳው ይጀምራል። ስለዚህ ስቴፕለር መደርደር አያድንም። እንዲያውም በአንድ መስመር አምስት ስድስት ጊዜ ብትመቱት ወረቀቱን እንደ ቴምብር ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጋችሁ ለመቀደድ አዘጋጃችሁት ማለት ነው።

መፍትሄው ወረቀቱን አስቀድሞ ማጠንከር ነው። እንዲህ አድርጉ።

በነጠብጣቡ መስመር እጠፉት። ስሙና ክፍል ቁጥሩ ወደ ውጭ ይሁን። መታጠፊያውን በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫኑት፣ ካበጠ ፕላስተሩ በደንብ አይይዝም። ከዚያ የካርቶን ማሸጊያውን ሰፊ፣ ጥርት ያለ ፕላስተር ውሰዱ። ቡናማው አይሆንም፣ ጽሑፉን ይሸፍናል። ከፊትም ከኋላም ከጫፍ እስከ ጫፍ ልበጡት፤ በሁለቱም ጎን ፕላስተሩ ከወረቀቱ አንድ ሳንቲ ያህል ይትረፍና እርስ በርሱ ይጣበቅ። ባርኮዱ ላይ የሚያርፈው አንድ ድርብ ብቻ ይሁን፣ ጭምድድ አይበል። ጭምድዱ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቅና ማሽኑ ማንበብ ያቅተዋል።

አሁን አንዱን ጫፍ በእጀታው ውስጥ አሳልፋችሁ ከሌላው ጫፍ ጋር ደራርቡት። ሁለት ወይም ሦስት ስቴፕለር በፕላስተሩ ላይ ምቱ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ይበል። በመጨረሻም መጋጠሚያውን እንደገና በፕላስተር ዙሩበት፣ የሽቦው ጫፍ እጅም ልብስም እንዳይቧጥጥ። ሲጎተት የሚሸከመው እንግዲህ ፕላስተሩ ነው፣ ወረቀቱም ሽቦውም አይደሉም።

ቀለበቱ ጠበብ ይበል። እጀታው ላይ ወዲያ ወዲህ መሽከርከር ይችላል፣ ነገር ግን እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለው የሌላ ሻንጣ ጎማ ወይም የጋሪው ብረት ይገባበትና ይዞት ይሄዳል።

ፕላስተሩ ተላቀቀ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ውርጩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የፕላስተር ሙጫ ብርድ አይወድም። ሲበርደው ይደርቅና የተጣበቀ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ማያሚ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጫፉ መነሳት ይጀምራል። መንዝ ላይ ወይም አንኮበር ላይ ሆናችሁ ከሠራችሁት፣ በጠዋት በረንዳ ላይ ሳይሆን ቤቱ ሲሞቅ፣ ፕላስተሩን ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ ለጥፉት። ከለጠፋችሁ በኋላ በአውራ ጣት አጥብቃችሁ እሹት። የሸዋ ሮቢት ሰው በዚህ በኩል ግልግል ነው።

ሌላው ምክንያት የሚለጠፍበት ቦታ ነው። ወረቀቱን የጨርቅ ሻንጣ ገጽ ላይ የሚለጥፍ ሰው አለ። ጨርቅ አቧራ አለው፣ ክሩም ይነሳል፣ ስለዚህ ፕላስተር አይይዘውም። ማዳበሪያ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ፕላስተር በደንብ የሚይዘው ራሱን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እጀታው ላይ ዞሮ ከራሱ ጋር ይገናኝ።

ላሚኔት አስደረግነው፣ ግን ውሃ ገባበት

ሁለት ቦታ ነው የሚበላሸው። አንደኛ፣ መቀሱ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከሄደ ሁለቱ ፕላስቲኮች የሚያያዙበት ቦታ አይኖርም። ዙሪያውን ግማሽ ሳንቲ ያህል ፕላስቲክ ይቅር። ሁለተኛ፣ በፐንቸር ሲበሳ ቀዳዳው ወረቀቱን ካገኘው ውሃው በዚያ ይገባል። በአንድ በኩል ሰፋ ያለ ባዶ ፕላስቲክ አስተርፉና እዚያ ብሱት። ማሰሪያው ሲባጎ ቢሆን አይከፋም፣ ግን ቋጠሮው ይፈታል። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩባት ጥርሳም የፕላስቲክ ማሰሪያ ትበልጣለች፤ አንዴ ከተሳበች ካልተቆረጠች አትወጣም። መቁረጫ ግን አስቡ። ክፍላችሁ ከገባችሁ በኋላ በጥርስ መታገል ይመጣል፣ የጥፍር መቁረጫ ይበቃል።

በእውነቱ፣ አሜሪካ ሰው ካላችሁ አትድከሙ። ለዚሁ የተሠራ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ኪስ ከሽቦ ማንጠልጠያ ጋር ይሸጣል። ዋጋው ቀላል ነው። ልጁ አማዞን ላይ ይዘዘው፣ የኩባንያውን ስም ግን ይጥቀስ፣ የታጎቹ መጠን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያልና።

ታጉ ከነማሰሪያው የለም

ይህ የአስተሳሰር ሳይሆን የጊዜና የቦታ ችግር ነው። ሰው ተዘጋጅቶ ማደር ይወዳል። ታጉን ደብረ ብርሃን ቤቱ ያስረዋል። ከዚያ ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፣ ሸራ ይጎተትበታል፣ ረዳቱ በገመድ ይጠፍረዋል፣ አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ንፋስ ይመታዋል። ቦሌ ላይ ቀበቶው ይቀበለዋል። አሜሪካ ሲገባ፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ላይ፣ ሻንጣውን ተቀብላችሁ በጉምሩክ አሳልፋችሁ ለቀጣዩ በረራ እንደገና ታስረክባላችሁ። ወረቀት ይህን ሁሉ እንዲችል አይጠበቅም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ እጠፉት፣ ልበጡት፣ ግን አትሰሩት። በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡት። ትንሽ ስቴፕለርና የተረፈ ፕላስተር አብሮ ይኑር፤ መቀሱ ግን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ፍተሻ ላይ እንዳይወሰድ። ወደቡ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ምሽት፣ ሆቴል ወይም ልጃችሁ ቤት ሆናችሁ እሰሩት። በዚያው የአየር መንገዱን ታግና ተለጣፊዎቹን በሙሉ አንሱ። ሁለት ባርኮድ ያለው ሻንጣ ያደናግራል።

የት እንደሚታሰርም አስተውሉ። የሚሳበውና የሚገባው ረጅም እጀታ ላይ አይሁን፣ ሲገባ ወረቀቱን ይዞት ይገባል። ዚፑ ላይም አይሁን። ከላይ ወይም ከጎን ያለው፣ የተሰፋው አጭር እጀታ ላይ ይሁን።

ቀይ ጨርቅ ወይም ክር ማሰር የተለመደ ነው፣ ጥሩም ነው። ከብዙ ጥቁር ሻንጣ መሃል የራስን ለማወቅ ይረዳል። መርከቡ ላይ ላለው ሠራተኛ ግን ምንም አይነግረውም።

ታጉ አለ፣ ሻንጣው ግን ሌላ ክፍል ሄደ

ብዙ ጊዜ የክፍል ቁጥሩ ከፕሪንት በኋላ ተቀይሮ ነው። ኩባንያው ክፍል በኋላ የሚመድብበት ትኬት አለ፣ የተሻለ ክፍል ተሰጥቶ የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። ልጃችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጥሩን በስልኩ ይመልከት። ከተቀየረ አዲስ ማተም ነው። በላዩ ላይ በእጅ ማረም ካስፈለገ ማርከሩን አስተውሉ። ብዙ ሱቅ የሚሸጠው የዋይትቦርድ ማርከር ነው፣ ፕላስቲክ ላይ ሲጻፍ እጅ ሲነካው ይጠፋል። የማይለቀውን ጠይቁ፣ ጽፋችሁም በጣት ፈትኑት።

የስም ነገርም አለ። የኛ ሰው ባልና ሚስት ሆኖ አንድ የቤተሰብ ስም የለውም፣ ሁለቱም በየአያታቸው ስም ይመዘገባሉ። ይህ ችግር አይፈጥርም፣ ሻንጣው የሚሄደው በክፍል ቁጥር ነው። ግን ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ይሁን። እንደ ማዳበሪያና ካርቶን በአማርኛ ስምና ስልክ ጽፎ መላክ እዚያ አይሠራም። የታጉን ሌላ ኮፒ ሻንጣው ውስጥ፣ ከልብሱ በላይ አስቀምጡ። ከዚያው ጋር የልጁን የአሜሪካ ስልክ ጻፉበት። የደብረ ብርሃኑን ቁጥር ከጻፋችሁ 251ን ከነመደመሩ አስቀድሙ፣ ግን መርከብ ላይ ሆናችሁ ያ ስልክ አይሠራ ይሆናል።

ታጉ ደህና ነው፣ ሻንጣው ግን እስከ ማታ አልመጣም

መጀመሪያ ረጋ በሉ፣ ማታ ድረስ መቆየቱ የተለመደ ነው። ከእራት በኋላም ካልመጣ፣ ውስጡ ያለውን አስቡ። ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ከሰል በኤክስሬይ ከታየ ሻንጣው ደኅንነት ክፍል ይቆያል። እጣን ማጨስም አይፈቀድም። ጀበናዋ ራሷ ጥፋት የለባትም፣ ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት ግን እርሱት። የደብረ ብርሃን አረቄ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚሄዱ እናቶች ካሉ፣ መርከቡ ላይ እንደምትወሰድ ከአሁኑ ንገሯቸው። የተያዘ ሻንጣ ካለ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ገንዘብና መነጽር ግን መጀመሪያውኑ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

ታጉ ከነጭራሹ ጠፋ ወይም ሳይታተም ቀረ

ይህ ቀላሉ ነው። ወደቡ ላይ ሻንጣ የሚቀበሉት ሠራተኞች ባዶ ታግ አላቸው። የመርከቡን ስምና የክፍል ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ጽፈው ያስሩታል። በአሜሪካ ወደቦች ለሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። እናት አባት እንግሊዝኛ ካልቻሉ የክፍል ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ አስይዟቸው።

የመጨረሻዋ ሌሊት

ከመውረዳችሁ በፊት መርከቡ ሌላ ታግ ያድላል፣ ቁጥር ወይም ቀለም ያለው። የድሮውን አንስታችሁ ይህን ታስራላችሁ። ሻንጣውን ማታ በተባለው ሰዓት ኮሪደር ላይ ታወጡታላችሁ፣ ጠዋት ወደቡ ውስጥ በዚያው ቁጥር ሥር ትፈልጉታላችሁ። ታጉ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን የነገውን ልብስና ጫማ አውጡ። ሁሉን አሽጎ አውጥቶ ጠዋት በፒጃማ የቀረ መንገደኛ በየመርከቡ አይጠፋም።