ጀርመናዊ ቅድመ አያት ለምትፈልጉ፦ ከስሙ በፊት መንደሩን

በዘር ሐረጋችሁ ውስጥ ጀርመናዊ ካለ ፍለጋውን በቤተሰብ ስሙ አትጀምሩ። ሙለር የወፍጮ ሠራተኛ፣ ሽሚት ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ወፍጮና ብረት ቀጥቃጭ የሌለበት አካባቢ ስላልነበረ እርስ በርስ የማይዛመዱ ሙለሮች አገሩን ሞልተውታል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የትውልድ መንደሩ ነው፤ መዝገቡ የተያዘው በየአካባቢው ነውና። በሐምቡርግ ወደብ የወጣ ከሆነ፣ ከ1850 እስከ 1934 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተያዙት የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝሮች የመጣበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ይነግሯችኋል።

ከ1876 ወዲህ ያለው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመላ አገሪቱ በመንግሥት የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቶች ተመዝግቧል። የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤተ መዛግብት ስለሚሸጋገር ማየቱ ይቀላል። ከ1876 በፊት ላለው ግን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ካቶሊክ ከነበረ ማትሪኩላ የተባለውን ድረ ገጽ በነጻ ተመልከቱ፤ ፕሮቴስታንት ከነበረ አርኪዮን አለ፣ እርሱ ያስከፍላል። ጽሑፉ ኩረንት በሚባል አሮጌ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ዛሬ ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው እንኳ ይቸገርበታል፤ የፊደሉን ሰንጠረዥ አጠገባችሁ አድርጉ።

የስሙን አጻጻፍም አትመኑ። ማየር የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ ሁሉንም ሞክሩ። በሰሜን ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በቬስትፋሊያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ስሙ የእርሻው ነበር። ባለእርሻዋን ያገባ ወንድ የራሱን ስም ትቶ የእርሻውን ይይዝ ነበር፤ ስለዚህ የአባትና የልጅ ስም ካልገጠመላችሁ የሚስቲቱን ወገን መዝገብ ፈትሹ።