ከሐዋሳ ለንደን ለምትሄዱ

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ለንደን የምትሄዱ ወላጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። እኛ ከፒያሳ አቶቴ በባጃጅ ስንሄድ «ወራጅ አለ» ብለን ዝርዝር እንሰጣለን። የለንደን አውቶብስ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ስትገቡ የመክፈያ ካርዳችሁን ቢጫው ማንበቢያ ላይ አስነኩ፤ ስትወርዱ አይደገምም። ለመውረድ መያዣው ብረት ላይ ያለውን ደወል ቀደም ብላችሁ ተጫኑ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን መንገድ ማቋረጡ ነው። እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። እኛ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ለምዶብናል፤ እዚያ ቀድሞ የሚደርስባችሁ ከቀኝ የሚመጣው ነው። ብዙ ማቋረጫ ላይ በየት በኩል ማየት እንዳለባችሁ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። እባካችሁ፣ እሱን ሳታዩ እግራችሁን አታንሱ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ በመጀመሪያው ቀን አብረዋችሁ ወጥተው ያሳዩአችሁ።