የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ እንዴት ይሰጣል?

ይህ ኮርስ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ የመጽሐፍ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ኤመርሰን አለ፣ ቶሮ አለ፣ ሆውቶርን፣ ፖ፣ ሜልቪል፣ ዊትማን፣ ዲክንሰን፣ ትዌይን... ሁሉንም ልንካ ያለ አስተማሪ ተማሪዎቹን ስም አሸምድዶ ይሸኛቸዋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመቀነስ ነው።

መጀመሪያ ወሰን አስምሩ። ክፍለ ዘመኑ በ1801 ስለጀመረ እናንተም ከዚያ የመጀመር ግዴታ የለባችሁም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የአገራቸውን ሥነ ጽሑፍ የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ላይ ለሁለት ይከፍሉታል። አንድ ሴሚስተር ብቻ ካላችሁ እኔ የምመርጠው ከ1845 ተነስቶ 1899 ላይ መቆም ነው። 1845 ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ የሕይወት ታሪኩን ያሳተመበት ዓመት ነው። በ1899 ደግሞ የኬት ሾፒን «ዘ አዌክኒንግ» ወጣ። ከባሪያው መጽሐፍ እስከ ባለትዳሯ ሴት ልብ ወለድ ስትሄዱ የዘመኑ ትልልቅ ጥያቄዎች መንገድ ላይ ያገኟችኋል።

ቀጥሎ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ብቻ ምረጡ። ሌላው ሁሉ ቀጭን ይሁን። ወፍራሙ የሜልቪል «ሞቢ ዲክ» ከሆነ 135 ምዕራፍ አለውና ቢያንስ ሦስት ሳምንት መድቡለት። ከከበዳችሁ የዚያኑ ደራሲ የ1853 አጭር ልብ ወለድ «ባርትልቢ» ውሰዱ። በዎል ስትሪት ቢሮ ሰነድ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንድ ቀን ሥራ ሲታዘዝ «ባላደርገው እመርጣለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላም መልሱ ያው ነው። ቢሮ ሠርቶ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የዳግላስ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ከፖ አንድ ታሪክ፣ ከሆውቶርን አንድ፣ ከሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የ1892ቱ «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ይበቃሉ። ዊትማን «የሣር ቅጠሎች»ን በ1855 ሲያወጣ አሥራ ሁለት ግጥም ብቻ ነበረው። ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሲጨምርበት ኖረ። ስለዚህ የትኛውን እትም እንደምታስነብቡ ኮርስ አውትላይናችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ።

የታላላቆቹ ዝርዝር ከሰማይ እንዳልወረደ ለተማሪዎቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሜልቪል በ1891 ሲሞት የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበር፤ ስሙን መልሰው ያነሱት በዋናነት የ1920ዎቹ አንባቢዎች ናቸው። በ1941 የሃርቫርዱ መምህር ኤፍ ኦ ማቲሰን ስለ ዘመኑ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ መሃል ያስቀመጠው አምስት ሰው ነው፤ አምስቱም ነጭ ወንዶች። ሃሪየት ጄኮብስ በ1861 በብዕር ስም ያሳተመችውን የሕይወት ታሪክ ደግሞ ብዙ ምሁራን ልብ ወለድ ነው ብለው ወደ ጎን ብለውት ነበር። ሴትዮዋ ከጌታዋ ሸሽታ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት ገደማ ተደብቃ ኖራለች። የቦታው ከፍታ ቢበዛ ሦስት ጫማ ነበር። ማን ይመን! ነገሩ የተቋጨው ጂን ፌገን የሊን የተባለች ተመራማሪ በ1980ዎቹ ደብዳቤና ሰነድ አገላብጣ እውነትነቱን ስታረጋግጥ ነው።

የመጽሐፍ ዋጋ አያስጨንቃችሁ። በዘመኑ የታተመው ሁሉ የቅጂ መብቱ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግን ከመሳሰሉ ድረ ገጾች በነፃ ይወርዳል። ብቻ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ፋይል ይያዝ። አለበለዚያ «ገጽ 40 ክፈቱ» ባላችሁ ቁጥር ክፍሉ ይተራመሳል።

ታሪኩን በሌክቸር አታስረዝሙት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጦርነቱ መንስኤ የሚያወራ የሥነ ጽሑፍ መምህር አያሳዝንም? የሚሻለው አንድን ሕግ ከአንድ ጽሑፍ ጋር ማጣመር ነው። የ1850ው ሕግ ባርነት በሌለባቸው ግዛቶች የሚኖረውን ሰው ጭምር ያመለጡ ባሪያዎችን በመያዝ እንዲተባበር ያስገድድ ነበር። ሕጉን ቀንጭባችሁ በአንድ ገጽ ሃንድአውት አድርጉት። ከጎኑ ዳግላስ ሐምሌ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ያደረገውን ንግግር አስቀምጡ። አሜሪካኖች የነፃነት በዓላቸውን ባከበሩ ማግስት «ይህ በዓል ለባሪያ ምኑ ነው?» ብሎ የጠየቀበት ነው። መደምደሚያው አካባቢ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር ቃል ይጠቅሳል። አማርኛ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ብድግ ማለቱ አይቀርም። ዳግላስ ግን እዚያ የሚያወራው ስለ አፍሪካ መነሣት ነው፤ ጥቅሱም በዘመኑ ጥቁር አሜሪካውያን ጸሐፊዎችና ሰባኪዎች ዘንድ የተለመደ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም። በባርነት ኖራ ነፃ የወጣችው ሶጆርነር ትሩዝ በ1851 በአክሮን፣ ኦሃዮ በሴቶች መብት ስብሰባ ላይ ተናገረች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ንግግሩን የጻፉት ሌሎች ናቸው። አንዱ ቅጂ ከሳምንታት በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ በጋዜጣ ወጣ። ሌላው፣ ስብሰባውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ የጻፈችው፣ የታተመው በ1863 ነው። ሁለቱን ያለ ስምና ያለ ዓመት አድሉ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ልዩነቱን ያስምሩ። «እኔስ ሴት አይደለሁም ወይ?» የሚለው ዝነኛ አዝማች ያለው በሁለተኛው ብቻ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ዓመቶቹን ከዚያ በኋላ ንገሯቸው። በመጨረሻ ሕይወቷን ጨምሩበት። ተወልዳ ያደገችው በኒው ዮርክ ነው፤ አፏን የፈታችው በሆላንድኛ። የጌጅ ቅጂ ግን የደቡብ ባሪያ አነጋገር ያናግራታል። አሥራ ሦስት ልጅ ወለድኩ ያሰኛታል፤ የወለደችው ግን አምስት ነው። ታዲያ የትኛውን እናስተምር? ክርክሩ እንዲህ ሲጋጋል ዝም በሉ። የኤሚሊ ዲክንሰን ሳምንት ላይም ይኸው ዘዴ ይሠራል። በ1890 አዘጋጆቿ ቤት መምቻውንና ሥርዓተ ነጥቡን ያቃኑትን ግጥም ከእጅ ጽሑፏ ጋር ጎን ለጎን አሳዩ።

የትዌይንን «ሃክልቤሪ ፊን» ከመረጣችሁ በጥቁሮች ላይ የሚሰነዘረው ስድብ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ይመጣል። ስድቡ የተለወጠበትን እትም እኔ አልመክርም። ግን ጮክ ብሎ እንደማይነበብ በመጀመሪያው ቀን ተስማሙ።

ፈተና ላይ ደግሞ «የነፃነት ጭብጥ በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ» ዓይነት አሳይመንት አትስጡ። በኮፒ ፔስት የተሞላ ወረቀት ይመጣላችኋል። በየሳምንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠው፣ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ በግማሽ ገጽ ክፍል ውስጥ ይጻፉ። ለፋይናል ኮርሱ ላይ ያላነበቡትን፣ ለምሳሌ ከቻርልስ ቼስነት የ1899 ታሪኮች አንድ አንቀጽ ስጧቸው። የደራሲውን ስም አጥፉት። መቼ አካባቢ እንደተጻፈና ማን ለማን እንደሚናገር ከቃላቱ ተነስተው ያስረዱ። ዓመቱን የሳተ ተማሪ እንኳ ማስረጃውን በደንብ ካቀረበ ጥሩ ውጤት ስጡት።