የኩባንያዎች ሽርክና የሚፈርስባቸው፣ በውል ቀን የሚሠሩ ስህተቶች

ሁለት ኩባንያዎች ሲለያዩ ለሕዝብ የሚነገረው ምክንያት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ጠብ ነው፤ የመለያየቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ሲፈረም በዝምታ የታለፈው ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ሸሪኮቹ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ የበላይ ነው የሚለውን ሳያጠሩ መፈረም ነው። ቮልስዋገን በ2009 መጨረሻ ከሱዙኪ ጋር ሲስማማ ዐይኑን የጣለው በሕንድ የትናንሽ መኪኖች ገበያ ላይ ነበር (በአዲስ አበባ በታክሲነት የምናየው ዲዛየር የሚመረተውም በዚያው በሱዙኪ የሕንድ ኩባንያ ነው)፤ ሱዙኪ በበኩሉ የጀርመኑን የሃይብሪድ ቴክኖሎጂ ይፈልግ ነበር። ቮልስዋገን 19.9 በመቶ አክሲዮን ገዛ። ሱዙኪ ራሱን እንደ እኩል ሸሪክ ሲቆጥር፣ ቮልስዋገን በዓመታዊ ሪፖርቱ በሱዙኪ አሠራር ላይ ጉልህ ተጽዕኖ ማሳደር እንደሚችል ጻፈ፤ ጃፓኖቹም ተቆጡ። ሱዙኪ የተጠበቀውን ቴክኖሎጂ አላገኘሁም ሲል፣ ቮልስዋገን ደግሞ ሱዙኪ የናፍጣ ሞተር ከፊያት በመግዛቱ ውል ጥሷል አለ። በእኔ ግምት ሞተሩ ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም።

የመውጫውን መንገድ አለማበጀት ሁለተኛው ስህተት ነው። ሱዙኪ በ2011 ውሉን ቢያቋርጥም ቮልስዋገን አክሲዮኑን አልመልስም በማለቱ ጉዳዩ ለንደን ላይ ለግልግል ዳኞች ቀረበ፤ አክሲዮኑ እንዲመለስ የተወሰነው በ2015 ነው።

ሦስተኛው ስህተት የንግድ ምልክቱ የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ሥራ መጀመር ነው። የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖን ከቻይናው የመጠጥ አምራች ዋሃሃ ጋር በ1996 የጋራ ኩባንያ ሲያቋቁም ምልክቱ ወደ ጋራ ኩባንያው እንዲዛወር ተስማምተው ነበር፤ የቻይና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ግን ዝውውሩን አላጸደቀውም። ሸሪኮቹ ጉዳዩን፣ የጋራ ኩባንያው በምልክቱ እንዲጠቀም ብቻ በሚፈቅድ ውል አለባብሰው ቀጠሉ። በኋላ ዳኖን፣ ቻይናዊው ሸሪክ በዚያው ምልክት በጎን ሌሎች ኩባንያዎች አቋቁሟል ብሎ ከሰሰ፤ በ2009ም 51 በመቶ ድርሻውን ሸጦ ወጣ።

የኃይል ሚዛን ሲለወጥ ውልን አለማደስም የዚህ ዘር ነው። በ1999 ኒሳን በዕዳ ተዘፍቆ ሳለ የደረሰለት የፈረንሳዩ መኪና አምራች ሬኖ፣ በኒሳን ውስጥ ያለውን ድርሻ ከ43 በመቶ በላይ አድርሶ ነበር፤ ኒሳን በሬኖ ውስጥ ያለው 15 በመቶ ግን ድምጽ የመስጠት መብት አልነበረውም። ኒሳን አገግሞ በሽያጭ ሬኖን ከበለጠ በኋላም ይኸው ድልድል ጸንቶ በመቆየቱ ቅሬታው እየከረረ ሄደ፤ የሁለቱ የድምጽ መብት በ15 በመቶ የተስተካከለው በ2023 ነው።